የተደፈነው ቦይ መልቀቂያ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምክር ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ። የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ይቅርብኝ፤ መቀሌ ላይ ከላይ እስከ ታች ምክር ቤት ሞልቷል፣ የፈለጋችሁትን አስቡ። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚናገሩት በትግርኛ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ወደ ላይ የሚላከውን ሪፖርት ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔው ነኝ። ይህን እንጀራ የሰጠችኝ እናቴ ናት ብል አልዋሸሁም። እሷ ወሎዬ ናት፤ ልጅ ሆና ለቀን ሥራ መቀሌ መጥታ፣ እዚሁ አባቴን አግብታ ቀረች። ቤታችን ውስጥ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትታረቅ በትግርኛ ነበር። እኔ አማርኛ የተማርኩት በቁጣ ነው፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ጥርት ያለልኝ።

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አዳራሽ ውስጥ አፍ የለውም። ደንብ ሆኖ የተጻፈ ነገር የለም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከአፈ ጉባኤው ወንበር በታች አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አለችኝ፤ እዚያ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። ሲያስቁ አልስቅም፣ ሲጣሉ አልደነግጥም። አፈ ጉባኤው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንዱ ተናጋሪ ሲፈጥንብኝ እጃቸውን ያነሡና «ቆይ፣ ቆይ፣ ጓለይ ትድረስብህ» ይላሉ። «ልጄ» ማለታቸው ነው። ይህን ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ያን ጊዜ ኮብልስቶን በየሰፈሩ የሚነጠፍበት ዘመን ነው፤ ሥራ አጥነት ያልተነሣበት ስብሰባ አላስታውስም። ጠዋት በሮማናት አደባባይ ያለፈ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት ዲግሪ የያዙ ልጆች ተደርድረው፣ ትናንት ያነበቡትን ማስታወቂያ ዛሬም ደግመው ያነቡታል። አዳራሹ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ የትኛውም አጀንዳ ይምጣ «ችግሩ የአመለካከት ነው» ሳይሉ አይቀመጡም። ወጣቱ ሥራ ያማርጣል፣ ወጣቱ የመንግሥት እጅ ጠባቂ ሆኗል፣ ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ይላሉ። ሌላው ተነሥተው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና በማኅበር እናደራጃቸው ይላሉ። ሦስተኛው ደግሞ መደራጀቱ ጥሩ ነው፣ መሥሪያ ቦታ ከሌለ ግን የት ሊያብሩ ነው፣ ሰማይ ላይ? ይላሉ። እኚህን ሦስተኛውን እወዳቸው ነበር። ከሓድነት ክፍለ ከተማ የተመረጡ ግንበኛ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ሲሚንቶ የበላቸው፣ ወረቀት ሲይዙ የሚያሳዝኑ። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ አቦይ፣ አባባ እንደማለት፣ ነበር የምላቸው።

እውነት ለመናገር ክርክሩ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ሰዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከልባቸው ይጨነቁ ነበር። ግን ስለ ሥራ አጥ ሲያወሩ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር፤ ዘንድሮ በዛ፣ አምና ትንሽ ቀነሰ። እኔ እቤቴ አንድ ሥራ አጥ ነበረኝ፤ ስሙም መልኩም ያለው፣ የበላበትን ሳህን ራሱ የሚያጥብ።

ታናሽ ወንድሜ ነው። በማኔጅመንት ተመርቆ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ ማናጀር ነው» ትላለች፤ «ምን ያስተዳድራል?» ሲሏት «ለጊዜው እኔን» ትላለች። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱ የሚኖረው በእኔ ደሞዝ ነበር፤ እናቴ ጉልበቷን ታማ ከደጅ አትርቅም። ወንድሜ ግን ሥራ አላማረጠም። ከዓይናለም ጉድጓዶች ወደ ከተማ ለሚመጣው የውኃ ቧንቧ ቦይ የሚቆፍር ይፈለጋል ሲባል ዲግሪውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ አካፋ ተውሶ ሄደ። ዐሥራ አራት ቀን ቆፈረ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ቧንቧው ተቀበረ፣ ቦዩ ተደፈነ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። እጁ ውኃ ቋጥሮ ሲመጣ እናቴ እያየች «አብሽር የኔ ልጅ፣ ይህም ያልፋል» አለችው። እሱም «አልፏል እኮ፣ ትናንት ደፈንነው» ብሎ አሳቀን።

የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚች ቦይ ነው።

ሥራ የተፈጠረላቸው ሰዎች ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ ከየቀበሌው በእጅ ተጽፎ ይመጣል። እኔ እሰበስብና በአማርኛ በአንድ ቅጽ እተይበዋለሁ። የቀበሌዎቹ ወረቀት መጨረሻ ላይ አንዲት ጠባብ ዓምድ ነበረች፤ ሥራው ስንት ቀን እንደቆየ የሚጻፍባት። ዐሥር ቀን፣ ሃያ ቀን፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ቀን። ከላይ የመጣው የአማርኛ ቅጽ ይህች ዓምድ የለችውም። አለቃዬን መጠየቅ እችል ነበር። ከታች ማስታወሻ ማስገባትም እችል ነበር። አላደረግሁም። ዓርብ ዕለት ነው፣ መጨረስ አለብኝ፣ ደግሞ ንጹሕ ገጽ እወዳለሁ፤ ቅጹ ላይ የሌለ ነገር መጨመር መዝረክረክ መሰለኝ። የወንድሜን ስም በገዛ ጣቴ ተየብኩ፦ ሥራ ተፈጥሮለታል። እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ምክር ቤቱ ለወጣቶች ሼድ ሊያድል ወሰነ። በቆርቆሮ የተሠሩ መሥሪያ ቦታዎች ናቸው፣ ሓድነት ውስጥ፣ መብራት የገባላቸው። አምስት አምስት ሆኖ የተደራጀ፣ ሥራ አጥ ለመሆኑ የቀበሌ ወረቀት የያዘ ይመዝገብ ተባለ። ወንድሜ አራት ጓደኞቹን ሰበሰበ። አንዱ ከአባቱ አናጢነት የተማረ ነው፤ መጋዝም መላጊያም አለው። አልጋና ወንበር እንሠራለን አሉ። የወንበሩን ሥዕል በደብተር ሥሎ ለእናቴ አሳያት። እሷም ብዙ አየችና «እግሩ ቀጠነ» አለች። በማግስቱ አወፍሮ አመጣላት። ያን ሰሞን ወንድሜ ሲያፏጭ እሰማ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

ቀበሌ ሄዶ ሲመለስ ግን ፉጨት የለም። የመዝገብ ሠራተኛው ከላይ ተመልሶ የመጣለትን፣ እኔ የተየብኩትን ዝርዝር ገልጦ ጣቱን አስቀመጠበት አለ። ወንድሜ እንዲህ አድርጎ ነገረን።

«አንተ እኮ ሥራ ተፈጥሮልሃል» አለኝ።

«የት?»

«ዓይናለም።»

«ቦዩን ነው? ኧረ ተደፍኗል ጌታዬ!»

«እንግዲያው መልቀቂያ አምጣ።»

እናቴ ያን ጊዜ ቁጣው መጣባት፣ ያው በአማርኛ። «ከማን ነው መልቀቂያ የሚያመጣው? ከቦዩ? ወየው ጉዴ! ሄዶ አፈሩን ያስፈርመው?» ወንድሜ ግን በማግስቱ በእውነት ሄደ። የቁፋሮው ፎርማን አዲግራት ሌላ ሥራ ሄዷል ተባለ፤ ስልኩ አይነሣም። የተቋራጩ ቢሮ ተዘግቷል። ዓይናለም ድረስ ሄዶ ቦዩ የነበረበትን ቦታ ፈለገ፤ ሣር በቅሎበታል፣ ፍየል ይግጥበታል። «ፍየሏን ፈርሚልኝ ብላት እሺ የምትል ትመስላለች» አለን። ሳቅን። እኔ ግን ዓምዷ ትዝ አለችኝ። የማኅበሩ ሕግ አምስት ነው የሚለው፤ እሱ ከወደቀ አራቱም ይወድቃሉ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ፋይሉን ስከፍት ከስሙ ጎን በእስክሪብቶ «ዐሥራ አራት ቀን» ተጽፏል። እንዲህ ያሉ ሌሎችም ነበሩ፤ አልቆጠርኳቸውም፣ ፈርቼ ፋይሉን ዘጋሁት።

መናገር ነበረብኝ። ይህን ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። ግን ስህተቱ የኔ ነው፤ የፈረምኩበት እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱም ወደ ላይ ሄዷል። ውሸት ሪፖርት አቀረበች ቢሉኝስ? የኔ ደሞዝ ከቆመ እቤታችን አንድ የነበረው ሥራ አጥ ሁለት ይሆናል። ለእናቴ መድኃኒት፣ ለቤት ኪራይ፣ ለምኑም ለምኑም ያለነው በዚህ ነው። እንዲህ እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩ፣ ለራሴም አጸደቅሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ሲነቅዝ አይቻለሁ።

በወሩ ስብሰባ የሥራ ፈጠራው ሪፖርት ለውይይት ቀረበ። የሥራ ፈጠራ ቢሮው ኃላፊ አንብበው ሲጨርሱ ተጨበጨበ። የአመለካከቱ ሰውዬ እንኳ ደስ ብሏቸው «አመለካከቱ እየተሻሻለ ነው» አሉ። ከዚያ አቦይ ግንበኛው እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ግንበኛ ነኝ» አሉ። «ግድግዳ ሠራሁ ካልኩ ሄዳችሁ ትገፉታላችሁ፤ ከቆመ ቆመ፣ ከወደቀ ወደቀ። እኔም ይህን ሪፖርት ትንሽ ልግፋው። እነዚህ ሥራ ተፈጠረላቸው የተባሉ ልጆች ዛሬ ጠዋት ከቤታቸው ወጥተው ወዴት ሄዱ? የሰፈሬን ልጆች ስም እዚህ አነበብኩ። ልጆቹን ግን አሁን ስመጣ ሮማናት ሰሌዳው ሥር ቆመው አየኋቸው። ይህ ሥራ ስንት ቀን የቆየ ሥራ ነው?»

ኃላፊው ወረቀታቸውን አገላብጠው፣ የቆይታ ጊዜ የሚል ነገር እሳቸው እጅ እንዳልደረሰ ተናገሩ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ያዩት የኔን ቅጽ ብቻ ነው። ያኔ አፈ ጉባኤው ወደ ታች፣ ወደ ጠረጴዛዬ ዘወር አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አዳራሽ መሐል የጠየቁኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጓለይ፣ ከቀበሌ በመጣው ላይ ስንት ቀን እንደሠሩ የሚገልጽ ነገር ነበረ?»

ፊት ለፊቴ ያለው ቅጹ ነው፤ የቀበሌዎቹ ወረቀት ቢሮዬ ሣጥን ውስጥ ነው። ቅጹን ገለጥኩ፣ ደግሜ ገለጥኩ፣ የምፈልግ መሰልኩ።

«እዚህ ላይ የለም፣ ክቡር አፈ ጉባኤ» አልኩ።

አልዋሸሁም፤ እዚያ ላይ የለም። ብልጠቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። አፈ ጉባኤው አመስግነውኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። እኔም አቀርቅሬ ጻፍኩ፦ የተከበሩ አባል ላነሡት ጥያቄ በጽሕፈት ቤቱ ማብራሪያ ተሰጥቷል። ማብራሪያ! አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ከወንድሜ ጋር ስበላ ዐይን ለዐይን አልተያየንም። የማፍረው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሰሌዳውም ጋ መሄድ ተወ፤ ከቤት ውሎ የእናቴን ጉልበት በቅባት ያሻል። የደብተሩን ሥዕል አላየሁትም። እናቴ አንድ ቀን «ያ ወንበር ምን ደረሰ?» ብላ ስትጠይቀው «እግሩ ወፍሮ መራመድ አቃተው» አላት።

ቀጣዩ ስብሰባ ሼዶቹ የሚጸድቁበት ነበር። አቦይ ገና በጠዋቱ እጃቸውን አወጡ፤ ተፈቀደላቸው። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና ዘረጉት። ከተቀመጥኩበት አወቅሁት፤ ቀበሌው ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ነው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው፣ ያቺ ጠባብ ዓምድ ያለችበት። ሄደው አግኝተውታል ማለት ነው። አለቀልኝ አልኩ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አቦይ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይቅር» አሉ በመጨረሻ። «ሐሳቤን አንሥቻለሁ።» ወረቀቱን አጥፈው ተቀመጡ። የሼዱ ድልድል ለድምፅ ቀረበና እጅ ወጣ፣ አቦይም እጃቸውን አወጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ጻፍኩ። ሰውነቴ ሁሉ ተፍታታ፤ ከአዳራሹ ስወጣ እግሬ መሬት አልረገጠም።

እቤት ስደርስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ገና ሳልቀመጥ ጠየቀኝ።

«አቦይ ተናገሩ እንዴ?»

«ሐሳባቸውን አነሡ» አልኩት።

«ጎሽ» አለ።

«ምኑ ነው ጎሽ?»

ነገረኝ። አቦይ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀበሌ ሄደው ያንን ቅጂ አግኝተው፣ ቀጥታ ወደሱ መጥተው ኖሯል። «ይህን ዓምድ ያጠፋው ማነው?» ሲሉት ወዲያው ገብቶታል፤ የምተይበው እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። እሳቸው በስብሰባው ላይ አወጣዋለሁ፣ ሼዳችሁን ታገኛላችሁ ብለውታል። ወንድሜ ለመናቸው። እኅቴን ያባርሯታል፣ ቤታችን የቆመው በሷ ነው፣ ተዉት አላቸው። አራቱን ጓደኞቹንም ሌላ አምስተኛ ፈልጉ ብሎ ለቀቃቸው፤ ምዝገባው ስላለፈ ግን እነሱም አልሆነላቸውም።

«ታድያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

«አንቺስ ሓፍተይ፣ አንቺስ እኅቴ?» አለኝ። ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማ እንዳትሰማ፣ ፊትሽን ታጠቢና ግቢ» አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት ስለ ሥራ አጥነት የተባለውን ሁሉ ጽፌ፣ ነገሩ የገባኝ ያን ምሽት ነው። ሥራ አጥነት ሥራ የሌለውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ሥራ ያለውንም አፉን ይይዘዋል። እኛ ቤት አንዲት ደሞዝ ነበረች፤ እኔም እሱም እሷን ከሁለት ወገን አቅፈን፣ አንዳችን ለሌላው ሳንነግር ሼዱን ለቀቅነው። ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል? ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲነጋ ወሰንኩ፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። እናቴን ስሜ ወጣሁ፣ «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለችኝ።

አፈ ጉባኤው ቢሮ ገብቼ የቀበሌዎቹን ወረቀትና ቅጹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ዓምዷን እንዴት እንደተውኳት፣ አዳራሽ ውስጥ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንዳመለጥኩ፣ የወንድሜንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሥራዬን ለመልቀቅ ማመልከቻ ጽፌ ይዤ ነበር፤ እሱንም አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ። ማመልከቻውን ብቻ አንሥተው መለሱልኝ።

«እዋይ ጓለይ» አሉ። «ማን ነው የሚያባርርሽ? በስህተት ሰው ቢባረር እዚህ አዳራሽ ማን ይቀር ነበር? ያን ቀን ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ እኮ በአንድ መሥመር ይታረም ነበር። ትናንት ጠዋት እንኳ ብትነግሪኝ፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓምዷ ከሚቀጥለው ሪፖርት ጀምሮ እንድትገባ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ገብታለች። ስለ ሼዱ ስጠይቃቸው «እሱማ ቁልፉ ትናንት ተሰጠ» አሉኝ።

ያን ቀን በታክሲ መሄድ አልቻልኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጠዋት ወዴት እንደወጣሁ ሳልነግረው ገብቶት ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አሉሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «ምንም አላሉኝም።»